«ገና ከመጀመሪያው ነቅቼበታለሁ» ለምትሉኝ የ«ዘ አዘርስ» ተመልካቾች

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ የፊልሙን መጨረሻ በግልጽ ነው የማወራው። «ዘ አዘርስ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ያላየ ካለ ይህን ዘግቶ መጀመሪያ ፊልሙን ይይ። ሲመሽ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ ይይ። ከዚያ ተመልሶ ይምጣና እንከራከር።

ክርክሩ መቼም አያልቅም። ፊልሙ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «መጨረሻው ላይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» ይላል። ሌላው «እኔ እኮ ገና ከመጀመሪያው ነቅቼበታለሁ» ይላል። ታናሽ ወንድሜ ከሁለተኞቹ ነው። ሦስቱ ሠራተኞች ከጉሙ ወጥተው ወደ ቤቱ ሲመጡ እንዳየ «እነዚህ ሰዎች በሕይወት የሉም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ቤተሰቡም የለም» ብሎ ጨመረ። ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፈተናውን ቀድሞ እንደጨረሰ ተማሪ ሆነ። ቁጭ ብሏል፣ ሰዓት ይጠብቃል፣ ወረቀቱን አያይም።

በዚህ ነው የምከራከረው። በዚህ ፊልም ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም የሚለው አይመስለኝም። ትልቁ ጉዳይ እንዴት እንደሞቱ ነው። እሱን ደግሞ ፊልሙ ብዙም አልደበቀውም። አንዲት ትንሽ ልጅ ገና ከጅምሩ ደጋግማ ትናገረዋለች። የሚሰማት ግን የለም። እኛም ተመልካቾቹ አንሰማትም፤ ምክንያቱም መንፈስ ፍለጋ ላይ ነን።

ለማያስታውስ ሰው በአጭሩ ልበል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው አሌካንድሮ አመናባር ነው። በፈረንጆቹ 1972 ቺሊ ተወልዶ ማድሪድ ያደገ ሰው ነው። ፊልሙ በፈረንጆቹ 2001 ሲወጣ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ጽሑፉን እሱ ጻፈ፣ እሱ አዘጋጀ፣ ሙዚቃውንም እሱ ደረሰ። ዋናዋ ተዋናይት ኒኮል ኪድማን ናት። ቶም ክሩዝ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር። በ17 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በስፔኑ የጎያ ሽልማት ምርጥ ፊልምን ጨምሮ ስምንት ሽልማት ወሰደ። አንድም የስፔንኛ ቃል የሌለበት ፊልም የጎያን ምርጥ ፊልም ሲያሸንፍ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩ የሚካሄደው በጀርሲ ደሴት ይሁን እንጂ ያ ጉም የዋጠው ትልቅ ቤት ያለው ሰሜን ስፔን፣ ካንታብሪያ ውስጥ ነው።

ጊዜው ግን አልረዳውም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1999 የኤም. ናይት ሽያማላን «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ወጥቶ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ በስድስት ዘርፍ ለኦስካር ታጭቷል። እሱም መጨረሻው ላይ ሁሉን የሚገለብጥ ምስጢር ያለው ፊልም ነበር። ከሱ በኋላ ሲኒማ የገባ ሰው ሁሉ መርማሪ ሆነ። ማን ማንን ነካ? ማን ለማን መልስ ሰጠ? ማን በር ከፈተ? ስለዚህ አመናባር ፊልሙን ያሳየው አስቀድሞ ለነቃ ሰው ነው። ብዙዎች «ቀድቷል» አሉ። እኔ አልስማማም። የሽያማላን ፊልም አንድ ሰው ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር ያሳየናል። እዚህ ያለችው ሴት ግን በአንድ በኩል ታውቃለች። የምታውቀውን ላለማወቅ ነው ቀን ከሌት የምትደክመው። መጋረጃ የምትዘጋው፣ በር የምትቆልፈው፣ ልጆቹን ጸሎት የምታስጠናው ለዚያ ነው።

ሴትዮዋ ግሬስ ትባላለች። ዘመኑ 1945 ነው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቋል። ባሏ ቻርልስ ዘምቶ አልተመለሰም። ሁለት ልጆች አሏት፣ አን እና ኒኮላስ። ልጆቹ የብርሃን በሽታ አለባቸው። የቀን ብርሃን ካገኛቸው ቆዳቸው ይቆስላል፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ስለዚህ በቤቱ አንድ ሕግ አለ። የኋለኛው በር ሳይቆለፍ የፊተኛው አይከፈትም። ግሬስ የቁልፍ ዘለላዋን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትሄድ የምንሰማው ያ የብረት ድምፅ፣ የፊልሙ ግማሹ ፍርሃት እሱ ነው። ቀስ በቀስ እኛም እንደሷ እንሆናለን። አንድ በር ክፍት ሲሆን እንደነግጣለን። በሌሎች ሆረር ፊልሞች ጨለማ ያስፈራል፤ እዚህ የሚያስፈራው ብርሃን ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ስለ ጀርሲ ብዙ ተመልካች አያነሳም፣ እኔ ግን ሳላነሳው አላልፍም። የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ሆና ለፈረንሳይ የምትቀርብ ትንሽ ደሴት ናት። ጀርመኖች በፈረንጆቹ ሐምሌ 1940 ያዟት፣ እስከ ግንቦት 9 ቀን 1945 አልለቀቋትም። አምስት ዓመት ሙሉ! በተለይ ተባባሪዎቹ ኃይሎች በ1944 ኖርማንዲ ከገቡ በኋላ ደሴቷ ከየትኛውም አቅጣጫ ተቆረጠች። ምግብ አለቀ፣ ማገዶ አለቀ፣ መብራት ጠፋ። በዚያው ዓመት መገባደጃ «ቬጋ» የምትባል የቀይ መስቀል መርከብ እህል ይዛ እስክትደርስ ሰው ተርቦ ነበር። አሁን ግሬስን እዚያ ውስጥ አስቧት። ባል የለም፣ ዘመድ የለም፣ ጎረቤት የለም። የታመሙ ሁለት ልጆች፣ የተዘጋ መጋረጃ፣ ውጭ የጠላት ወታደር። ፊልሙ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ አያብራራም። ግሬስ ጀርመኖች መብራት እየቆረጡባቸው ያለ መብራት መኖር እንደለመዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ያቺ ዓረፍተ ነገር በቂ ናት። «እናት እንዴት ልጆቿን ትገድላለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ እዚያ ይሂድ።

ፊልሙ ሲጀምር ግሬስ ለልጆቿ ስለ ዓለም አፈጣጠር ስትተርክ ድምፅዋን እንሰማለን። ከዚያ በድንገት አልጋዋ ላይ እየጮኸች ትነቃለች። ለምን እንደጮኸች የሚነግረን የለም። ሁላችንም «ቅዠት ነው» ብለን እናልፋለን። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ግን ያ ጩኸት ሌላ ነው። ሙሉው ታሪክ ከዚያ ጩኸት በፊት አልቋል። እኛ የምናየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከዚያ አን መናገር ትጀምራለች። ለአዲሷ ሠራተኛ ለወይዘሮ ሚልስ እናቷ አንድ ቀን እንዳበደች ትነግራታለች። ወንድሟን «ያን ቀን አታስታውስም?» ትለዋለች። ኒኮላስ «ምንም አልሆነም» ይላታል። እሷ ግን አትተውም። ከበስተጀርባ ፒያኖ ይጮሃል፣ ኮቴ ይሰማል፣ ቪክቶር የሚባል የማይታይ ልጅ ያለቅሳል። እኛም ጆሯችን ወደዚያ ይሄዳል። አመናባር ከሁሉ በላይ የተሳካለት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በፎቁ ላይ በሚንኳኳው ድምፅ አታልሎ የልጅቷን ቃል ከጆሯችን ወሰደ። «ነቅቼበታለሁ» የሚለው ወንድሜን «አን ያን ቀን ስትል ምን ማለቷ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «የቱ ቀን?» አለኝ።

ሌላው ዘወትር የምሰማው አስተያየት «ይደብራል» ነው። «ምንም አይፈጠርም፣ በር ብቻ ይከፈታል ይዘጋል» ይላሉ። ቅሬታው ይገባኛል። ደም የለም፣ ድንገት ብቅ የሚል ጭራቅ የለም። ለፍርሃት የተቀመጠለት መጠን ትንሽ ነው፣ እሱም በጠብታ ነው የሚሰጠው። ሁሉም ሰው እንዲህ ዓይነቱን አይወድም፣ መውደድም የለበትም። ግን «ምንም አይፈጠርም» የሚለውን አልቀበልም። ሁለት ቦታዎችን ላሳያችሁ።

አንደኛው አልበሙ ነው። ግሬስ ቤቱን ስትፈትሽ አንድ የድሮ የፎቶ አልበም ታገኛለች። ትገልጠዋለች። ሰዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መጀመሪያ የተኙ ይመስላታል። ወይዘሮ ሚልስ ረጋ ብላ ትነግራታለች፤ የሞቱ ናቸው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ሰው ሲሞት ፎቶ ማንሳት የተለመደ ነበር፣ ነፍሱ በምስሉ ውስጥ ትኖራለች ብለው ያምኑ ነበር። ግሬስ ይቀፋታል፣ አልበሙ ከቤቱ እንዲወጣ ታዛለች። ልማዱ ፈጠራ አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝም በአሜሪካም ሰዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ፎቶ ውድ ስለነበር ለብዙ ቤተሰብ ያ ምስል ከሞተ ልጃቸው የቀራቸው ብቸኛ መልክ ነበር። በትዕይንቱ ውስጥ የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። የወይዘሮ ሚልስን ፊት እዩ። ስለማታውቃቸው ሰዎች የምታወራ አትመስልም። ስለ ራሷ ነው የምታወራው። ኋላ ላይ ግሬስ ሌላ ፎቶ ታገኛለች፤ ወይዘሮ ሚልስ፣ አትክልተኛው ተትልና ዲዳዋ ሊዲያ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ዓመቱ 1891 ነው። በሳንባ ነቀርሳ ነው የሞቱት።

አይሪሿ ተዋናይት ፊዮኑላ ፍላናጋን ወይዘሮ ሚልስን የተጫወተችበት መንገድ ከኪድማን እኩል መወደስ ነበረበት። እያንዳንዱ ንግግሯ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስናያት ተንኮለኛ ትመስላለች። «ቤቱን ሊወርሱ ነው፣ ሴትዮዋን ሊያሳብዷት ነው» እንላለን። ሁለተኛ ስናያት ለታማሚ መርዶ ለማርዳት አመቺ ሰዓት የምትጠብቅ አዋቂ ሴት ናት። አንድም ቃል አልተለወጠም።

ሁለተኛው ቦታ የነጩ ቀሚስ ትዕይንት ነው። ካቶሊኮች ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆርብ የምትለብሰው ነጭ ቀሚስ አለ። አን ለብሳው በዓይነ ርግብ ተሸፍና ወለሉ ላይ ተቀምጣ በአሻንጉሊት ትጫወታለች። ግሬስ ከኋላዋ ትመጣለች። በልጅቷ ድምፅ ዜማ ይሰማል። ከዚያ እጁን እናያለን። የተጨማደደ የአሮጊት እጅ ነው። በዓይነ ርግቡ ስር ያለው ፊትም የአሮጊት ነው። ድምፁ ግን አሁንም የአን ነው፣ «እኔ ልጅሽ ነኝ» ትላለች። ግሬስ «ልጄ አይደለሽም!» ብላ ትዘልባታለች፣ ቀሚሱን ትቀዳድዳለች፣ ትታገላታለች። ከስር የምትጮኸው አን ናት።

ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት የሚያስታውሰው በአሮጊቷ ፊት ነው። እውነት ነው፣ ያስደነግጣል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አን ለወይዘሮ ሚልስ «እስክትገድለን ድረስ አትተወንም» ትላታለች። ልጅ ስትናደድ የምትለው ይመስላል። አሮጊቷ ማን እንደሆነች ኋላ እናውቃለን፤ በቤቱ በሕይወት የሚኖሩት የቪክቶር ቤተሰቦች የጠሯት መናፍስት ጠሪ ናት፣ በአን በኩል ለማየት እየሞከረች ነበር። የግሬስ እጅ ግን ልጇን አንቆ ነበር። ዳይሬክተሩ ያን ቀን የሆነውን ነገር ዓይናችን እያየ ደግሞ አሳየን። እኛ ግን አሮጊቷን እያየን አመለጠን።

እዚህ ላይ «ተጭበረበርን» የሚሉትን ማንሳት አለብኝ። አንዳንዱ ተመልካች አጨራረሱ ድንገት የተለጠፈ ነው ይላል። እስቲ ፊልሙን መልሳችሁ እዩት። ግሬስ ሠራተኛ ለመቅጠር የጻፈችው ደብዳቤ ሳይወሰድ ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ቀርቶ ታገኘዋለች። ታዲያ እነዚህ ሦስት ሰዎች ማን ጠራቸው? ይህ የሆነው ገና በመጀመሪያው ክፍል ነው። ቄሱ አይመጣም። ከቤቱ ልትርቅ ስትሞክር ጉሙ መንገድ ያስታታል። ተትል መቃብሮቹን በቅጠል ይሸፍናል፣ ያውም ፊት ለፊታችን። የሚያጭበረብር ፊልም ማስረጃውን ይደብቃል። ይህኛው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል።

አንድ ክረምት ላይ ፊልሙን ከአክስቴ ጋር አየሁት። እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው እየተረጎምኩላቸው ነው ያዩት። በፊልም ብዙም አይገረሙም። ዘመዶቼ ሁሉ ያነሱትን ጥያቄ እሳቸው አላነሱም። «አውቀሃል ወይ፣ ደነገጥህ ወይ» የለም። ሲያልቅ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ እነዚህን ልጆች ማን አለቀሰላቸው?» አሉኝ። «ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ። አባትየው ጦር ሜዳ ቀረ። ቤቱን ባዳ ገዛው። እንዴት ይረፉ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ፊልም ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፣ ይህን ጥያቄ ግን አላገኘሁም። ፊልሙ ውስጥ ለግሬስና ለልጆቿ የሚያዝን አንድም ሕያው ሰው የለም። ወደ ቤቱ የገቡት አዲሶቹ ሰዎች ልጃቸው እንዳይረበሽ ነው የሚጨነቁት፣ ይህም ተፈጥሯዊ ነው። ሦስቱ ሠራተኞች እንኳ መቃብር አላቸው፣ ስማቸው ድንጋይ ላይ ተጽፏል። የግሬስን መቃብር ግን አናይም። ለቅሶ ቤት ውሎ ያደገ ሰው ይህን ክፍተት ቶሎ ያየዋል። ለአክስቴ ፊልሙ ስለ ሙታን መንፈስ አልነበረም፣ ያልተለቀሰላቸው ሰዎች ታሪክ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም በሳቸው ዓይን ነው የማየው።

በዚህ ዓይን ስናይ ብዙ ሰው «ምን አመጣው?» የሚለው የቻርልስ ክፍል ይከፈታል። ባልየው ከጉሙ ውስጥ ድንገት ይመጣል። ደክሟል፣ አያወራም፣ ምግብ አይነካም። አልጋ ላይ ይተኛል። ከዚያ ጦርነቱ እንዳላለቀ ተናግሮ ወደ ግንባር እንደሚመለስ ይነግራትና ይጠፋል። ተመልካቹ «ፊልሙን አቀዘቀዘው፣ ቢወጣ አይጎዳም» ይላል። ለኔ ቢወጣ ፊልሙ ልቡን ያጣል። ቻርልስ እዚያ ያለው ለመሰናበት ነው። ለቅሶው እሱ ነው። አን ያን ቀን የሆነውን ትነግረዋለች፣ እሱም ለግሬስ ያነሳባታል። ከሟቾቹ መካከል ግሬስን ፊት ለፊት የጠየቀ ሰው እሱ ብቻ ነው። ግሬስ ደግሞ እሱ ላይ ያላትን ቅሬታ ታወጣለች፤ ደሴቱ እጅ ሰጥቶ ሳለ ለምን ዘመትክ፣ ለምን ጥለኸን ሄድክ ትለዋለች። ሁለቱም ጥፋት አለባቸው፣ ሁለቱም ያውቁታል። ግን ልጆቹ ዘንድ ማን ቀረ?  እሱ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ክሪስቶፈር ኤክልስተን ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው፣ ያችን ጥቂት ደቂቃ ግን አላባከናትም።

ከዚያ ጠረጴዛው ይመጣል። ልጆቹ ከሠራተኞቹ ሸሽተው ፎቅ ይወጣሉ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃሉ፣ በሩን አሮጊቷ ትከፍትባቸዋለች። ግሬስ ደርሳ የክፍሉን በር ስትገፋ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። መናፍስት ጠሪዋ ዓይኗ ነጭ ነው። ትጠይቃለች፣ የሚመጣላትን ወረቀት ላይ ትጽፋለች። አን ጆሮዋ ስር ተጠግታ መልስ ታንሾካሹካለች። እናታቸው ምን አደረገቻቸው? ትራስ። ሁለቱ ልጆች «አልሞትንም!» እያሉ ይጮሃሉ። ግሬስ ጠረጴዛውን ትነቀንቃለች፣ ወረቀቱን ትቀዳድዳለች። በዚያኛው ወገን ያሉት የሚያዩት ወረቀት በራሱ ጊዜ ሲቀደድ ነው። በአንድ ቅጽበት ወገናችን ይገለበጣል። እስከዚያ ድረስ የፈራነው ሁሉ እኛው ነበርን።

ወንድሜ እዚህ ላይ «ብያችሁ ነበር» አለ። ፊልሙ ግን ገና አላለቀም። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ትንሽ ትዕይንት ናት ለኔ የፊልሙ መጨረሻ።

ግሬስ ደረጃው ላይ ልጆቿን አቅፋ ትቀመጣለች። ከዚያ ትናገራለች። ትራሱን፣ ጠመንጃውን፣ ራሷ ላይ መተኮሷን። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ ትላለች፤ ልጆቹ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በትራስ እየተጫወቱ ሲስቁ ሰማሁ። እግዚአብሔር በምሕረቱ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ፣ ጥሩ እናት ሁኚ አለኝ ብዬ አሰብኩ ትላለች። ይህን ለፖሊስ አልተናገረችም፣ ለቄስም አልተናገረችም፤ ለሟቾቹ ለራሳቸው ነው የተናገረችው። ኪድማን እዚህ ላይ አታለቅስም ማለት ይቻላል። የደከመች ሴት ድምፅ ነው ያላት። በዚያ ዓመት ለኦስካር የታጨችው በሌላ ፊልም፣ በ«ሙላን ሩዥ» ነበር። እኔ ብሆን በዚህች ትዕይንት ነበር የማጫት።

አን ደግሞ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። ሞተን ከሆነ ሊምቦ የት ነው? ካቶሊኮች ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ይሄዱበታል ሲሉ የቆዩት ቦታ ነው። ግሬስ ፊልሙን ሙሉ ይህን ስታስተምር ነበር። ዩስጦስና ፓስተር የሚባሉትን ሕፃናት ሰማዕታት ታሪክ ስታስነብባቸው አን «እኔ ብሆን ዋሽቼ እተርፍ ነበር» ብላ ተቀጥታለች። አሁን እናትየው መልስ የላትም። ከናንተ በላይ አላውቅም ትላቸዋለች። የማውቀው እንደምወዳችሁ ነው። አንዳንድ ምእመናን ወዳጆቼ «ፊልሙ ሃይማኖትን ያጣጥላል» ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። እኔ ግን እዚያ ያየሁት እምነቷን ያጣች ሴት አይደለችም። በእምነቷ ስትደበቅ ኖራ ዛሬ ያለ መደበቂያ የቆመች ሴት ናት። የተናገረችው ኑዛዜ ነው፣ ከፍተኛውን ዋጋም ከፍላበታለች።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ግን በዚህ አልተስማማንም። የሁለት ልጆች እናት ናት። ፊልሙን በጣም ነው የምትወደው፣ ይቺን ትዕይንት ግን አትቀበልም። «ልጆቹ ይቅር አሉሽ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም» ትለኛለች። «አቅፋቸው ተናገረች። የት ይሂዱ? ከሷ ሌላ ማን አላቸው?» እኔ ደግሞ አን ዝም ብላ የምትቀበል ልጅ አይደለችም እላለሁ። ፊልሙን ሙሉ እውነቱን ስትናገር የነበረችው እሷ ናት፤ በመጨረሻ እናቷ ከሷ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ተናገረች። ለልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጓደኛዬ «ለልጅ አይበቃም» ትላለች። ስንገናኝ አሁንም እንነታረካለን፣ አልፎ አልፎም እሷ ልክ ሳትሆን አትቀርም ብዬ አስባለሁ።

የመጨረሻው ጭቅጭቅ ስለ መስኮቱ ነው። ወይዘሮ ሚልስ ሰርጎ ገቦቹ ቢሄዱም ሌሎች እንደሚመጡ ትነግራቸዋለች፤ አንዳንዴ እንሰማቸዋለን፣ አንዳንዴ አንሰማቸውም፣ ሁሌም እንዲህ ነው ትላለች። የቪክቶር ቤተሰብ ሻንጣቸውን ጭነው ይወጣሉ። ግሬስና ልጆቿ «ይህ ቤት የኛ ነው» እያሉ ይደጋግማሉ። የቀን ብርሃን በመስኮቱ ይገባል፣ ልጆቹን አያቆስላቸውም። ግማሹ ተመልካች «እፎይ፣ ነፃ ወጡ» ይላል። ግማሹ «ለዘላለም ታሰሩ» ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፣ ድምፃቸውን ስሰማ። ሲደጋግሙት የተማሩትን ጸሎት በሚሉበት ቅላጼ ነው፤ ግሬስ አሁንም የሚዘጋ በር እየፈለገች ነው የሚመስለኝ። አክስቴ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ናቸው። «ቢያንስ ፀሐይ ሞቁ» ነው ያሉት።